ግማሹን ሰምቼ ሙሉውን ከፈልኩ!

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲባል የምትስቁ ካላችሁ እስቲ የእኔን ስሙ።

ሱሉልታ ተወልጄ ነው ያደግሁት። ስለ በረዶ ላወራ ነው ስላችሁ «በረዶማ ራስ ደጀን ላይ ነው!» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ደጀን አንዳንዴ የሚለብሰውን ጥጥ የመሰለ በረዶ እኛ አናውቀውም። የእኛው እንደ ጠጠር የሚወርደው ነው። ግን በክረምት እንጦጦን የተሻገረ ሰው ምስክሬ ነው። በሩብ ሰዓት ውስጥ አስፋልቱ ነጭ ይሆናል፤ መኪናው ብይ በተበተነበት ሰሌዳ ላይ የቆመ ይመስላል። ከአስፋልቱ ስትወጡ ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል።

ታላቅ ወንድሜ ከአባታችን የወረሳት አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለችው። በኋላ ጎማዎቿ ብቻ የምትገፋ ናት። ጠዋት ከየገበሬው ደጃፍ ወተት ሰብስባ፣ እንጦጦን ተሻግራ አዲስ አበባ ታደርሳለች። የእናታችን መድኃኒት፣ የወንድሜ ልጆች ደብተር፣ ሁሉም ከእሷ ነው። ታዲያ ክረምት ሲገባ ዋልካው ላይ አንደኛው የኋላ ጎማ ባለበት ይሾራል፣ ሌላኛው ቁጭ ብሎ ያየዋል! ወተት ደግሞ ሰው አይጠብቅም።

እኔ በቤታችን «አዋቂው» ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ ሁሉን የማውቅ ይመስላቸዋል፤ እኔም ሳይመስለኝ አልቀረም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ዴንቨር ለሚኖረው ለአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። እዚያ በረዶ ላይ ፒክአፕ ይነዳል። «ኋላው ባዶ ስለሆነ ይጨፍራል። እኔ ዲፈረንሻሉን ሁለቱም ጎማ አብሮ እንዲገፋ አድርጌ ቀይሬ ነው የተገላገልኩት» አለኝ። ሌላም ብዙ ነገር አወራ። እኔ ግን የምፈልጋትን ሰምቻለሁ፤ ስልኩን ዘጋሁ።

ጋራዥ ስንሄድ ዋጋው ሰማይ ሆነብን። ከዚያ አንዱ «በርካሽ እጨርስላችኋለሁ፣ የዲፈረንሻሉን የውስጥ ጥርሶች በብየዳ ማያያዝ ነው» አለን። ወንድሜ አመነታ። «ጋሼ፣ አሜሪካም እንደዚሁ ነው!» አልኩት። «እንግዲህ አንተ ነህ የምታውቀው» ብሎ ተበየደ።

እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ሳምንት ዋልካውን እንደ ትራክተር አረሰችው። እኔም ሰፈሩን በጉራ አጠበብኩት። በሦስተኛው ሳምንት ወተት ጭነን፣ ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ስንወርድ በረዶው ያዘን። ወንድሜ እንደ ልማዱ ማርሽ ቀንሶ፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። መታጠፊያው ላይ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ባንድ ጊዜ ከዱን። ኋላዋ ዞረ፣ በጎኗ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባች። ወተቱ በነጩ በረዶ ላይ ፈሰሰ። ወንድሜ ክንዱ ተሰብሮ ሳለ መጀመሪያ ያለው ምን መሰላችሁ? «አንተ ደህና ነህ?»

ያን ቀን ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር።

ነገሩን ያስረዱኝ አንድ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። «ልጄ፣ ዲፈረንሻል ለምን ተሠራ? መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ የውስጡ አጭር። እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት እንዲዞር ነው» አሉኝ። ኋላ ሳነብ፣ ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኩር ለዚሁ ብሎ በ1827 እ.ኤ.አ. አስመዝግቦታል። ተራው ዲፈረንሻል ጉድለቱ፣ አንዱ ጎማ ሲያዳልጠው ሌላውም ጉልበት ያጣል። ጥቅሙ ግን፣ አንዱ ሲሾር ያልሾረው የመኪናውን ኋላ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዛል። እኛ በየድነው ያን ያዥ ነው ያጠፋነው። ደረቅ አስፋልት ላይም ቢሆን የተበየደ ዲፈረንሻል በየመታጠፊያው ጎማ ይበላል፣ ዘንጉን ያስጨንቃል።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው ተራው ዲፈረንሻል ከጥሩ ጎማ ጋር ይበቃዋል። ጭቃም አስፋልትም ለሚያፈራርቅ ሊሚትድ ስሊፕ የሚባለው አለ። ከነዚህ የብዙዎቹ ሆድ ውስጥ የሚፋተጉ ሳህኖች አሉ፤ አንዱ ጎማ ሲሾር ለሌላው ጉልበት ያካፍላሉ፣ መታጠፊያ ላይ ግን ይለቃሉ። የራሱን ዘይት ይፈልጋል። ያገለገለ ከገዛችሁ ተጠንቀቁ፣ ሳህኑ ያልቃል። መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ደግፋችሁ፣ ማርሹን ነጻ አድርጋችሁ፣ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ ከመሬት አንሱና በእጅ አዙሩት። እንደ ልጅ መጫወቻ ከዞረ ሳህኑ አልቋል ማለት ነው። የኮሮናና የፒኞኑ የጥርስ ቁጥር ከበፊቱ ጋር መግጠሙንም እዩ። በአራቱም ጎማ የሚገፋ መኪና ከሆነ የፊትና የኋላው ካልገጠመ ሌላ ጣጣ ታመጣላችሁ። ገንዘብ ያለው ደግሞ በቁልፍ የሚቆለፍና የሚለቀቀውን ይግዛ። ጭቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ይቆልፈዋል፣ አስፋልት ሲወጣ ይለቀዋል። ብየዳን ግን ለጠላቴም አልመክር!

ክንዱ በጀሶ ታስሮ ሳለ ለዴንቨሩ ዘመዴ መልሼ ደወልኩ። «ምነው ብየዳ? እኔ መቼ ብየዳ አልኩህ? መጀመሪያ የክረምት ጎማ፣ ቀጥሎ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ የአሸዋ ከረጢት፣ ዲፈረንሻል በመጨረሻ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከዝግታ በቀር የትኛውም ዲፈረንሻል አያድንህም ብዬህ ነበር እኮ!» አለኝ። ብሎኝ ነበር። አልሰማሁም።

መኪናዋን ለማሠራት ለሠርጌ ያስቀመጥኳትን ዕቁብ አወጣሁ። ለእጮኛዬ ስነግራት እየፈራሁ ነበር። «ሠርጉ ይቆያል፣ ወንድምህ ግን ይሥራ» አለችኝ። ሶማሌ ተራ ዞረን አንድ ያገለገለ ሊሚትድ ስሊፕ አገኘን፣ አዙረን ፈትነን ገዛን። አዲስ የኋላ ጎማም ገባላት። ጋሼ አሁንም ወተቱን ያመላልሳል፤ በረዶ ሲጥል ግን ዳር ይዞ ይቆምና እስኪቀልጥ ይጠብቃል። «ይርጋ!» ይላል።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ምክር ስትጠይቁ ስልኩን ቶሎ አትዝጉ። ቸር ክረምት ይግጠማችሁ።