ጭቃ ቆሻሻ ነው እንዴ?



በዚህ እትም ስለ አንዲት ትንሽ ተክል ልናወጋችሁ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝና በዌልስ ወንዞች ዳር የምትበቅል ብርቅዬ ሞስ ናት። «ባለ ብዙ ፍሬዋ የወንዝ ሞስ» ይሏታል፤ ሳይንሳዊ ስሟ ክሪፊያ ላሚያና ነው። ሞስ ማለት በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ የሚታየው፣ ብዙዎቻችን የድንጋይ ሽበት ብለን የምናልፈው ነው። ይቺኛዋ የምትኖረው ጎርፍ በሚደርስባቸው የዛፍ ግንዶች፣ ሥሮችና ድንጋዮች ላይ ነው። ወንዙ ሲሞላ ትጠልቃለች፤ ሲጎድል ደለል ለብሳ ትወጣለች።

የባዮሎጂ ተማሪዎቻችን እንደሚያስረዱን፣ ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም። ውሃ የሚጠጣው በአብዛኛው በቅጠሉ ነው፤ የብዙዎቹ ሞሶች ቅጠል ደግሞ ውፍረቱ አንድ ሴል ብቻ ነው። ስለዚህ በውሃው የመጣውን ሁሉ፣ መርዝም ቢሆን፣ መመለሻ የላቸውም። ለመራባትም ውሃ ያስፈልጋቸዋል፤ ተባዕቱ ሴል ወደ እንስቷ የሚደርሰው ዋኝቶ ነው። እንግዲህ የወንዝ ዳር ዛፍ ሲቆረጥ ይቺ ሞስ ቤቷን ታጣለች፤ ወንዙ ሲበከል ደግሞ የምትጠጣውን። ብሪታንያ በ1981 ባወጣችው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ሕግ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ተክሎች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ሆን ብሎ መልቀም፣ መንቀልም ሆነ ማጥፋት ክልክል ነው።

እንጀራ አትሆን፣ ገበያ አትወጣ፤ ታዲያ ለምን ይህ ሁሉ?

ጥያቄው የእኛም ሆነ። ጀመዓችን ከግቢው ጀርባ ያለውን ጅረት ለማጽዳት ሲያቅድ ሦስት ሥራዎች ቀርበው ነበር፦ ፕላስቲክ መልቀም፣ ዳርቻውን እስከ ድንጋዩ መፋቅና ወደ ውሃው ያዘነበሉትን ዛፎች መቁረጥ። በመጀመሪያው ላይ ማንም አልተከራከረም። በሁለቱ ላይ ግን ከዐስር ሶላት በኋላ የጀመርነው ውይይት እስከ መግሪብ ዘለቀ። አንድ ወንድማችን «ተማሪው በዓይኑ የሚያየው ለውጥ ከሌለ ማን ይከተለናል?» አለ። ሐሳቡ ተራ አልነበረም፤ በዚያ ድልድይ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ሁላችንም ነን። አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ እህታችን ደግሞ «ሽታው ከጭቃው አይደለም፤ ከላይ ከሚለቀቀው ፍሳሽ ነው። ዳርቻውን ብንፍቀው ፍሳሹ ይቀራል፤ አፈሩን የያዘው ሥርና ሞስ ግን ይሄዳል» አለች።

ይህን ስንሰማ ዉዱእን አስታወስን። በሚፈስ ወንዝ ዳር ሆነን እንኳ ውሃ እንዳናባክን ተምረናል። እዚያ ውሃ ሞልቷል፤ ማንም አይጎድልበትም። ቁጥብነቱ የተፈለገው ስላነሰን ሳይሆን ነገሩ አማና ስለሆነ ነው። በአማና ላይ ደግሞ «ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ጥያቄ አይደለም። የሰጠን ጌታ ትንሹንም ትልቁንም ያውቃል፤ እኛ ስማቸውን ባናውቅም ለእርሱ ስም የለሽ አይደሉም።

የእንግሊዟ ሞስ በእኛ ጅረት ዳር አለች እያልን አይደለም። በእኛ ድንጋዮች ላይ ያለውን ግን ማን ጎንበስ ብሎ አይቶት ያውቃል? ያላዩትን ነገር ፍቆ መጣል ቀላል ነው፤ መመለሱ ግን በእጃችን አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። ፕላስቲኩን፣ ጨርቁንና ጠርሙሱን እናወጣለን። ጭቃውን፣ ሥሩንና ዛፎቹን አንነካም። ስለ ፍሳሹ የጻፍነውን ደብዳቤ ደግሞ ማክሰኞ ለሚመለከተው ክፍል እናስገባለን። ይህኛው ሥራ ፎቶ አይነሳበትም፤ ከሦስቱም ግን የሚከብደው እርሱ ነውና ፊርማችሁን አትንፈጉን። ወረቀቱ በመስጂዱ በር፣ በእህቶችም በወንድሞችም በኩል ተቀምጧል።

ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ድልድዩ ጋ እንገናኝ ኢንሻአላህ። ጓንትና ማዳበሪያ ይዛችሁ ኑ፤ አካፋውን ግን ቤት ተዉት።