የጣራው ነገር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በየስብሰባው ከመደጋገሙ የተነሣ ጆሯችን ለምዶት ትርጉሙን ከረሳነው ቆይተናል። እኔም በዚህ ተረት የጀመርሁት ላስተምራችሁ ፈልጌ አይደለም፤ ባለፈው ክረምት በአገሬ በማጂ ድሩ ሳያብር ሲቀር ምን እንደሚሆን በዐይኔ ስላየሁ ነው። የነገሩ ተካፋይም ስለ ነበርሁ፥ የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ ሳይሆን ራሴን ጭምር ለመክሰስ መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ።

ማጂን ለማያውቅ ጥቂት ልበል። ማጂ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፥ በምዕራብ ኦሞ ዞን የምትገኝ የደጋ አገር ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል ሚዛን ተፈሪ የደረሰ መንገደኛ፥ የቡናውን አገር ወደ ኋላው ትቶ ገና ብዙ ይጓዛል። የዲዚ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ተራራውን በእርከን እየደለደሉ ያርሱታል። በክረምት ጉሙ ከቤት ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ዝናቡም ከጀመረ የሚያባራ አይመስልም። እንዲህ ባለ አገር በሐምሌ ወር ጣራ ማለት ሕይወት ማለት ነው።

ለዕረፍት እንደ ገባሁ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ተመዘገብሁ። ሃያ የምንሆን ወጣቶች ነበርን። አንድ ቀለም ያለው ቲሸርት ታደለን፤ ከዚያም የአንዲት ጧሪ የሌላቸውን አሮጊት ቤት እንድናድስ ተመደብን። የሣር ክዳኑ አርጅቶ ስለ ነበር አፍርሰን በቆርቆሮ እንድንተካው ተነገረን። ቅዳሜ ጧት ተሰብስበን በሳቅና በዘፈን ሣሩን አወረድነው፤ የበሰበሰውንም ማገር ነቃቀልነው። እማማ ጎረቤት ደጅ ላይ ተቀምጠው ይመርቁን ነበር። ፎቶግራፍ ተነሣን። አስተባባሪዎቻችን ቆርቆሮው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል አሉ። ከሰዓት በኋላ አልደረሰም፤ የደረሰው ዝናቡ ነው። እኛም አንድ ባንድ፥ አንዱ እናቱ እንደምትጠብቀው፥ ሌላው ልብሱ እንደ ራሰ እየተናገረ፥ ተበታተንን። እኔም ተበተንሁ። በማግሥቱ እሑድ ነው ብለን ቀረን። ሰኞ ደግሞ ቆርቆሮው ገና በመንገድ ላይ መሆኑን ሰማን።

ሰኞ ማታ የመንደሩ ጡሩንባ ተነፋ። ሰው የሞተ መስሎኝ ስወጣ የእድሩ ሰዎች የቀብር ድንኳናቸውን ተሸክመው ወደ እማማ ቤት ሲሄዱ አየሁ። ድንኳኑን በግድግዳው ላይ ወጥረው የዕቃቸውንና የአልጋቸውን ቦታ ከዝናብ ሸፈኑት። ማክሰኞ ጧት ደቦ ወጣ፤ አንዱ ማገር፥ አንዱ ልጥ፥ አንዱ ሸክም ሣር ይዞ መጣ። ሴቶቹ ቡናና ቂጣ አመጡ። በዚያ ደቦ ውስጥ የኦርቶዶክስ፥ የጴንጤና የእስላም ሰዎች ነበሩ፤ ወደ የትኛውም ቤት ሲሄድ ታይቶ የማይታወቅ አንድ አናጢም ነበረ፤ ከሁሉ ከፍ ብሎ ጣራው ላይ የተቀመጠው እርሱ ነው። ማታ ላይ ቤቱ ተከደነ። ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው አልነበረም።

እኔም ቲሸርቱን ቤት አስቀምጬ ሄጄ ሣር አቀበልሁ። ማንም አልወቀሰኝም፤ ከወቀሳ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምስጢር ልግለጥ። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን መሳም ትቻለሁ። ንቄ አይደለም፤ ጥያቄዬ ስለ በዛ ነው። ለእናቴ አልነገርኋትም ነበር። በዚያ ማታ እግሬን ስታጠብ፥ «እማዬ፥ እንዲያው ሃይማኖት የሌለው ሰው ለሰው ጣራ የሚከድነው ለምን ይመስልሻል?» ብዬ ስለ አናጢው የምጠይቅ መስዬ ጠየቅኋት። እናቴ ግን አዋቂ ናት። ጥቂት ዝም አለችና፥ «ልጄ፥ ቤተ ክርስቲያን መሳሙን ብትተው እንኳ ሰው መቅበሩን አትተው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ ዐይኗን ግን በነጠላዋ ጠረገች።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለስሁ በኋላ ይህን ቃል ለአንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ባጫውተው፥ የፎገራ ልጅ ነውና ስለ አውራ አምባ ነገረኝ። ብዙዎቻችሁ ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። አቶ ዙምራ ኑሩና ተከታዮቻቸው በ1964 ዓ.ም. በፎገራ አካባቢ የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። በፈጣሪ ያምናሉ፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም፤ እምነታቸው በጎ ሥራ ነው ይላሉ። ሴቱ ያርሳል፥ ወንዱ ይፈትላል። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አላቸው፤ በሳምንት አንድ ቀንም የሥራቸውን ፍሬ ለተቸገሩት ይሰጣሉ። ስለዚህ አኗኗራቸው ከጎረቤቶቻቸው ብዙ ጥላቻ ደርሶባቸው፥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። የተሰደዱትም ወዴት ነው ብትሉ፥ ወደ ቦንጋ! ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ ሰው ተይዞ 17.5 ሄክታር ያህል ብቻ ስለ ቀራቸው፥ ወደ ሽመና ሥራ አዘነበሉ። እኔ በየዓመቱ በአውቶቡስ የማልፋት ቦንጋ የእነዚህን ሰዎች ስደት የተቀበለች መሆኗን ሳውቅ፥ ያ መንገድ ሌላ መንገድ መሰለኝ።

እንዲህ ያለው ሐሳብ በሌላም ዓለም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1876 ፊሊክስ አድለር የተባለ ሰው በኒው ዮርክ አንድ የሥነ ምግባር ማኅበር አቋቋመ። እምነት ሰውን ቢለያየውም ሥራ ያገናኘዋል የሚል ነበር። ማኅበሩም በንግግር ብቻ ሳይወሰን፥ ድሆች በሽተኞችን በየቤታቸው የሚጎበኙ አስታማሚዎችን ላከ፤ ለሠራተኛ ልጆችም ነጻ መዋዕለ ሕፃናት ከፈተ። ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ።

ጓደኛዬ ከዚህ ሁሉ የሚያወጣው ትምህርት ደግነት ሃይማኖት አያስፈልገውም የሚል ነው። እኔ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ወደ ሌላ አሳብ ደረስሁ። እነዚህን ማኅበሮች ያቆማቸው የሃይማኖት መኖር ወይም አለመኖር ሳይሆን፥ ቀን፥ መዋጮና መዝገብ ነው። አውራ አምባ የታወቀ የሥራ ቀን አለው። እድሩም እንዲሁ ነው፤ ወርኃዊ መዋጮ አለው፥ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፥ ድንኳኑና ድስቱ ተቆጥሮ ይጠበቃል። ጡሩንባው ሲነፋ «ዛሬ ፈቃዴ ነውን?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ የለም። እኛ ግን በበጎ ፈቃድ መጥተን ነበርና፥ ዝናቡ ሲመጣ ፈቃዳችን ሄደ።

ከእኛ በፊት በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ የተማሩትም ይህን የተረዱት ይመስለኛል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኞቹም አስተማሪዎች ሆኑ። ያማረረ አይጠፋም፤ ነገር ግን ግዴታ ስለ ነበረ፥ የጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ ጧት ክፍል ሲገባ አስተማሪውን ያገኝ ነበር።

ግዴታ ሲበዛ ወደ ጭነት እንደሚለወጥ አልክድም። ከላይ የተጫነ ግዴታና ሰዎች ራሳቸው ተስማምተው የገቡበት ግዴታ ግን አንድ አይደሉም። የእድር ግዴታ የኋለኛው ነው፤ የሚቀጣህም ጎረቤትህ ነው።

ስለዚህ ለኅብረታችን የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ እንወስን፤ በግቢያችን ዙሪያ ካሉት ችግረኞች አንድ ቤት እንምረጥ፤ ያ ቤት ሳያልቅ ወደ ሌላ አንሂድ። ዕቃው እጃችን ሳይገባ የማንንም ጣራ አናፍርስ። የቀረ ይቀጣ፤ ቅጣቱም ለምስማር መግዣ ይሁን። በመዝገቡ ላይ ስም እንጂ ሃይማኖት አይጻፍ።

እኔ በበኩሌ በሚመጣው ክረምት ማጂ ስገባ በመጀመሪያ የምሄደው ወደ እድሩ ጸሐፊ ዘንድ ነው። ወጣት ነህ፥ ገና ቤት አልሠራህም ብለው እንዳይመልሱኝ እፈራለሁ። ቢመልሱኝ በእናቴ ስም እከፍላለሁ። ስለ ቀረው ጥያቄዬ ከእናቴ ጋር ገና ብዙ የምንነጋገረው አለን፤ እስከዚያው ግን መቅበሩን አልተውም።