ምን ያጣድፍሃል

ብድር ወቅት አለው። ይህን በጊዜው የነገረን አልነበረም፤ ቢኖርም የምንሰማ አልነበርንም። በ2015 ዓ.ም. በጋ አንድ ባንክ የእኔንና የባለቤቴን የደመወዝ ማስረጃ መርምሮ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ላገኘነው ቤት ብድር ፈቀደልን። ቤቱ ካርታ ያለው፣ ከዕዳና ዕገዳ ነፃ ነው። የባንኩ ኢንጂነር መጥቶ ገምቶታል። ሲሶውን እኛ እንከፍላለን፣ ቀሪውን ባንኩ፤ ወለዱ 17 በመቶ። የቀረን መፈረም ነበር።

«አቦ! ምን ያጣድፍሃል?» አለኝ ቤቱን ያገኘልን ደላላ፣ በርጫ ላይ ቁጭ ብለን። ሌላ ባንክ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አለ፣ ወለዱን ሁለት ፐርሰንት ያስቀንስልናል። ደግሞ ጥቂት ብንታገሥ ሻጩም ዋጋ ይቀንሳል። ድሬዳዋ ውስጥ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታና ጫቱ ሲያዝ የማይቻል ነገር የለም።

ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅም በስልክ ይህንኑ አጠናከረችው። «ጋሼ፣ ከባንክ ባንክ አትንከራተት፤ እኛ እዚህ ቤት ስንገዛ ደላላ ነው የጨረሰልን» አለችኝ። አልዋሸችም። እንግሊዝ አገር የቤት ብድር ደላላ ፈቃድ አውጥቶ፣ ቁጥጥር እየተደረገበት ይሠራል። የብዙ አበዳሪዎችን ወለድና የመክፈያ ዘመን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያወዳድራል፤ ብዙ ጊዜም ክፍያው ከአበዳሪው ይመጣል። የእኛው ሰው የሚያውቀው ግን ማን ቤቱን ሊሸጥ እንዳሰበ፣ የትኛው ወራሽ እንደተጣላ፣ የትኛው ግቢ ውኃ እንደሚጠፋበት ነው። እውቀቱ ትልቅ ነው፤ ቤት ለማግኘት ከእሱ የተሻለ አላውቅም። የማያውቀውን የባንክ ሥራ የሰጠነው እኛ ነን።

እሱም ባንክን አይወድም። ምክንያቱ አሁን ነው የገባኝ። ባንክ የገባበት ሽያጭ ይዘገያል፤ ገማች ይላካል፣ ውል ይመረመራል፣ መያዣው ይመዘገባል። ገንዘቡም ለሻጩ በሒሳቡ ይገባለታልና ዋጋው በወረቀት ላይ እንዳለ ይቀመጣል። ውሉ ላይ ዝቅ አድርጎ ማስጻፍ የለመደ ሻጭ ይህን አይፈልግም። ሻጭ ያልወደደውን ደላላ አይወድም፤ ኮሚሽኑ የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነውና። ጥሬ ብር የያዘ ገዢ እስኪመጣ እኛን ወንበር አስይዞ ነበር የሚያዘገየን።

የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። ያን ጊዜ የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ17 በመቶ መበደር ማለት ዕዳው በየዓመቱ ዋጋ እያጣ፣ ቤቱ ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም፤ ቀፊራ ገበያ ገብቶ ሽንኩርት የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። እኛም እየገዛን ነበር። ቤት ስንገባ ግን ስለ ሁለት ፐርሰንት እንከራከራለን።

ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ግሽበቱን ለማርገብ ነው፤ አልወቅስም። የፈቃድ ደብዳቤያችን ጊዜው አልፎበት ነበርና እንዲታደስልን ስንሄድ፣ አንድ ትሑት የባንኩ ሠራተኛ አሁን ማበደር እንደማይችሉ ነገረን። ደላላው የሚያውቀው ሰውም ለእሱ ለራሱ ስልክ ማንሳት ትቶ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ሻጩ ቤቱን ከገበያ አወጣ። ሲመልሰው የጠራው ዋጋ፣ ባንኩ ሊያበድረን የነበረው ገንዘብ ቅድመ ክፍያ እንኳ የማይሆንበት ነበር።

እኛ ስለ ሁለት ፐርሰንት በምንከራከርበት ሰሞን ጎረቤታችን ቤት ገዝቶ ነበር። ወለድ በሃይማኖቱ ስለማይፈቀድለት ከወለድ ነፃ አገልግሎት ወደሚሰጥ ባንክ ሄደ፤ ባንኩ ቤቱን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስቀድሞ ነግሮ፣ በየወሩ እንዲከፍል መልሶ ሸጠለት። ከእኛ ይልቅ ብዙ ወረቀት ተጠይቋል፤ ትርፉም ተደምሮ ሲታይ ከእኛ ወለድ እምብዛም አይለይም። ውድ ነው ብዬ ያኔ መክሬው ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና ሄዶ ፈረመ።

የአባቶቻችን ትውልድ እንዲህ ዓይነት ምርጫ አልነበረውም። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው ቤቶችና ቁጠባ ባንክ ነበረላቸው፤ በማኅበር ተደራጅተው፣ ተበድረው ሠሩ። ያ ባንክ ስሙን ቀይሮ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ለቤት ብድር ተብሎ የተቋቋመ የግል ባንክ፣ ጎህ ቤቶች ባንክ፣ ሥራ የጀመረው በ2014 ነው። እኛ መንገዱ እንደገና መከፈት በጀመረበት ሰሞን ነበር የደረስነው።

ባለቤቴ ስለዚህ ጉዳይ አታወራም። አንድ ቀን ብቻ፣ የዛሬ ዓመት ኪራይ ሲጨመርብን፣ የድሮውን የክፍያ ሠንጠረዥ ከፋይል አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ለባንኩ በየወሩ ልንከፍል የነበረው ከአዲሱ ኪራይ ያንሳል። የምንከራየውም እዚያው ሳቢያን ነው።