«በቅርቡ» ስንት ቀን ነው?

ባለፈው ነሐሴ አጋማሽ ላይ የሰባት ዓመት ልጄ «እማዬ፣ እንቁጣጣሽ ስንት ቀን ቀረው?» አለችኝ። «ደረሰ እኮ! ሦስት ሳምንት ብቻ» አልኳት። ፊቷ ጭፍግግ አለ። «ሦስት ሳምንት?!» ለእኔ ደግሞ የአምናው ቄጠማ ገና ከቤቱ ተጠርጎ ያላለቀ ነው የሚመስለኝ።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ ደብረ ብርሃን፣ ክረምት ማለቂያ አልነበረውም። ሐምሌ ብቻውን አንድ ዓመት ያህል ነበር። አምስት ቀን ብቻ ያላት ጳጉሜን እንኳ አዲሱን ቀሚሴን ከሳጥን እያወጣሁ ስለካና መልሼ ሳጥፍ አልገፋ ትለኝ ነበር። (ዛሬ ጳጉሜንን የማስታውሳት ደመወዝ የሌለባት ወር በመሆኗ ነው።)

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ፖል ዣኔ በ1877 እ.ኤ.አ. ነገሩን በሒሳብ አስረድቶታል። ለአሥር ዓመት ልጅ አንድ ዓመት የዕድሜው አንድ አሥረኛ ነው፤ ለሃምሳ ዓመት ሰው ግን አንድ ሃምሳኛ። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ጠቅሶ፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው ይላል፦ ልጅ ሳለን በየቀኑ አዲስ ነገር እናያለን፤ ካደግን በኋላ ኑሮው ልማድ ይሆንና ቀኖቹ አንዱ ከሌላው ሳይለዩ ተጠቅልለው ይሄዳሉ። እኔ የጄምስን እቀበላለሁ። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ከተመላለስኩበት ካለፈው ዓመት ለይቼ የማስታውሰው ቀን ቢቆጠር አሥር አይሞላም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ጋ ደወልኩ። «ጠፋሽ» አለችኝ። «ኧረ በቅርቡ መጥቼ ነበር እኮ!» «በቅርቡ? ለጥምቀት መጥተሽ ሄድሽ፤ ይኸው ፍልሰታ ሊፈታ ነው።» አፈርኩ። ሰባት ወር! መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እሷ ግን አልተቆጣችም። «ዓመቱስ ይሮጣል ልጄ፤ ቀኑ ነው አልመሽ ያለኝ» አለች። ቡና የሚያጣጧት ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ አልፈዋል። ዣኔም ሆነ ጄምስ ይህን አልነገሩኝም።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ከልጄ ጋር ሄድን። ማታ ስንሰነባበት እናቴ «እንግዲህ መቼ ትመጫለሽ?» አለችኝ። «በቅርቡ» ልል አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ፦ «ለመስቀል!»

እናቴ ጣቶቿን ዘረጋች። «ከነሐሴ አሥራ ሦስት፣ ጳጉሜን አምስት፣ ከመስከረም አሥራ ሰባት… ሠላሳ አምስት ቀን።»

«ውይ፣ ብዙ ነው!» አለች ልጄ።

«ብዙ ነው» አለች እናቴም።