ብረትም ይሳባል



ባኮ ላይ የአምልኮ አዳራሻችንን ስናሠራ ለመዘምራን የሚሆን ትንሽ ሰገነት ከላይ ካለው አግዳሚ በብረት ዘንጎች እንዲንጠለጠል ወሰንን። በቆሎው ተሸጦ ምእመናን ያዋጡት ገንዘብ እጃችን ስለ ገባ ቶሎ መጨረስ ፈልገናል። ሲቪል ምህንድስና ያጠና ወንድማችን ግን ወረቀት ይዞ ተቀመጠ፤ "እያንዳንዱ ዘንግ ስንት እንደሚሳብ ላስላ" አለን።

አንድ ሽማግሌያችን ሳቁ። "ልጄ፣ ብረት ደግሞ ይሳባል እንዴ?"

"ይሳባል አባባ። የማይሳብ ነገር የለም፤ ጥያቄው ስንት ይሳባል ነው።"

ስሌቱን አሳየን። ሸክሙ በዘንጉ ርዝመት ይባዛል፤ ከዚያ ለዘንጉ ውፍረት፣ ማለትም ቢቆረጥ ለሚታየው ገጽ ስፋት፣ ደግሞም ለብረቱ ግትርነት ይካፈላል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር፣ 4 ሜትር የሚረዝም ዘንግ 1 ቶን ቢንጠለጠልበት ወደ 1.7 ሚሊ ሜትር ይሳባል። ምሰሶም በዚያው ስሌት ከሸክሙ በታች ያጥራል። ዐይናችን አያየውም እንጂ አለ።

"ጠንካራ የተባለውን ውድ ብረት ብንገዛስ?" አልነው። "ከተራው እኩል ይሳባል" አለ። "ልዩነቱ፣ ብዙ ሸክም እስኪደርስበት እጁን አይሰጥም።"

ያን ማታ ዝም ብለን ወደየቤታችን ሄድን። ሁላችንም ያሰብነው አንዲት እኅታችንን ነበር። ባለቤቷ አልጋ ላይ ነው፤ የልጅ ልጆች ታሳድጋለች፤ የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብ ትይዛለች፤ የረቡዕ ጸሎትም በእሷ ቤት ነበር። "እሷ ጠንካራ ናት" እንል ነበር። ስንጠይቃት መልሷ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብቻ ነው። አንድ እሑድ የካዝናውን ቁልፍ አስረክባን ወጣች፤ ሁለት ወር አልመጣችም። እኛም እምነቷ ቀዘቀዘ ብለን አማናት። ለካ እሷም እንደ እኛው እኩል ትሳብ ነበር፤ የዘገየው መታየቱ ነው።

እምነት ሸክም እንዳይሰማን አያደርግም። ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ በእስያ የደረሰበት መከራ ከአቅሙ በላይ እንደ ነበር ለቆሮንቶስ ሰዎች ሳይደብቅ ጽፎላቸዋል (2ኛ ቆሮንቶስ 1)። ገላትያ 6ም ሁለቱን አብሮ ይዟል፤ ሰው የራሱን ሸክም መሸከሙን፣ ደግሞም የወንድሙን ማገዙን። በስሌቱም ቢሆን ከአንዱ ዘንግ አጠገብ እኩያው ቢታከል መሳቡ በግማሽ ይቀንሳል።

አራት ሆነን ቤቷ ሄድን። አስቀድመን ይቅርታ ጠየቅናት። ከዚያ ገንዘቡን ሌላ ሰው ያዘ፤ የረቡዕ ጸሎት በየቤታችን ዞረ፤ ባለቤቷንም በተራ ማደር ጀመርን። እሷም አልቅሳ "እንዴት ነሽ ብላችሁ መልሴን የጠበቃችሁት ዛሬ ነው" አለችን።

እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ቀድሞዋ አልሆነችም። ከልኩ ያለፈ ብረት ሸክሙ ቢነሣለትም ወደ ቀድሞ ርዝመቱ አይመለስም። አሁን ትመጣለች፤ ከኋላ ትቀመጣለች፤ አትዘምርም። ዘግይተናል። ነገር ግን ብረት የሚያድሰው አምላክ የለውም፤ እሷ ግን አላት። ስለዚህ ከአጠገቧ ሳንነሣ እንጠብቃለን።

ወገኖች፣ በመካከላችሁ "እሱ ጠንካራ ነው"፣ "እሷ ትችለዋለች" የምትሏቸው እነማን ናቸው? በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

ጌታ ሆይ፣ ያላየነውን ሸክም አሳየን፤ ትከሻችንንም አዘጋጅ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።