ማንም ያልፈለገው ቤንዚን

የነዳጅ ዋጋ በተከለሰ ቁጥር ዜና አንባቢው ዝርዝሩን ያወርደዋል፦ ቤንዚን፣ ነጭ ናፍጣ፣ ኬሮሲን፣ ቀላል ጥቁር ናፍጣ፣ ከባድ ጥቁር ናፍጣ። የሰው ሁሉ ጆሮ የሚቆመው ለብሩ ነው፤ እኔ ለስሞቹ አደላለሁ። ኬሮሲንን አንድ ደረጃ ከፍ ካደረግነው ዝርዝሩ የነዳጅ ማጣሪያ ማማን ከላይ ወደ ታች እየወረዱ ፎቅ በፎቅ መቁጠር ነው። ዜና አንባቢው ይህን ቢያውቅ ድምፁን ቀስ በቀስ እያወፈረ ይሄድ ነበር።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ማማውን ለመረዳት አይቸገርም። ድፍድፉ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ሲቀዘቅዝ ይንጠባጠባል። ግን አረቄ አውጪዋ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀረውን አተላ ብላ ትደፋዋለች። ድፍድፍ ነዳጅ ወደ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሞቆ ማማው ውስጥ ሲገባ ግን የተሸከመው የሃይድሮካርቦን ዓይነት ለቁጥር ያስቸግራል። ብዙዎቹ ተማሪ ሳለን እንደ ዜማ የሸመደድናቸው አልኬኖች ናቸው፦ ሜቴን፣ ኤቴን፣ ፕሮፔን፣ ቡቴን። (እኔ እስከ ዴኬን ድረስ ያለ እንቅፋት እወርድ ነበር። ምን እንደሚጠቅመን አስተማሪያችንም አልነገሩን፣ እኛም አልጠየቅን።) ሁሉም ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ናቸው፤ የሚለያቸው የሰንሰለታቸው ርዝመት ነው። ባለ አራት ካርቦኑ ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሚፈላ ተጨምቆ ወደ ማዕድ ቤት ሲሊንደር ይገባል። ባለ ስምንቱ ኦክቴን እስከ 126 ዲግሪ ይታገሣል። ሰንሰለቱ በረዘመ መጠን ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ለመለያየት ብዙ ሙቀት ይጠይቃሉ። አጫጭሮቹ አናት ላይ ይወጣሉ፣ መካከለኞቹ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛሉ፣ ከሥር የሚቀረው አስፋልት ይሆናል።

ኬሮሲንና ናፍጣ ጎረቤት ስለሆኑ ሰንሰለቶቻቸው ይደራረባሉ። አንዱን ካንዱ እየቀላቀለ የሚሸጥ ነጋዴ ኬሚስትሪ ሳይማር የደረሰበት እውነት ይኸው ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2014 በወጣው ክለሳ ሁለቱም በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበሩ፤ ዋጋው እኩል ከሆነ መቀላቀሉ ድካም ብቻ ነው።

ማማው ትእዛዝ አይቀበልም። ኬሮሲን ብቻ ስጠኝ ቢሉት ቤንዚኑንም ጥቁሩንም አብሮ ያወርዳል። የነዳጅ ታሪክ ለእኔ “ያልፈለግነውን ፎቅ ለማን እንስጠው?” የሚል ጭንቀት ታሪክ ነው።

መጀመሪያ የተፈለገው ኬሮሲኑ፣ ማለትም ላምባው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ቤንጃሚን ሲሊማን (ልጅየው) የተባለው የዬል ኬሚስት የፔንሲልቫኒያን ድፍድፍ አጣርቶ ጥሩ የመብራት ዘይት እንደሚወጣው በጽሑፍ አረጋገጠ፤ ጽሑፉን ግን ክፍያዬ ሳይገባ አልሰጥም አለ። ከአራት ዓመት በኋላ ኤድዊን ድሬክ እዚያው ፔንሲልቫኒያ፣ ቲተስቪል ላይ 21 ሜትር ያህል ቆፍሮ ዘይቱን አገኘ። “ኮሎኔል” ድሬክ ይሉታል። ሰውዬው የባቡር ሠራተኛ እንጂ ወታደር አልነበረም፤ ያገሬው ሰው እንዲያከብረው ብለው ገንዘብ ያወጡት ሰዎች በሚልኩለት ደብዳቤ ላይ የለጠፉለት ማዕረግ ነው። ብዙ አሜሪካዊ በላምባ ብርሃን ማምሸት ጀመረ። ቤንዚኑስ? ቤንዚን መብራት ውስጥ ከገባ ቤት የሚያነድ፣ ባለቤት ያጣ ትርፍ ነበር። ጥቂቱ ለእድፍ ማስለቀቂያ ተሸጠ፤ የቀረውን ወደ ወንዝ የሚለቁ ማጣሪያዎች ነበሩ።

በ1888 ቤርታ ቤንዝ ባሏን ሳታስፈቅድ እሱ የሠራውን መኪና አስነስታ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ጭና ጀርመን ውስጥ ከማንሃይም ወደ ፎርዝሃይም ነዳች። ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎክ ከሚባል ከተማ ፋርማሲ ገብታ ያንን የእድፍ ማስለቀቂያ ገዛች። የዓለም የመጀመሪያው ማደያ መድኃኒት ቤት ነበር ማለት ነው፤ ሰልፍም አልነበረበትም።

ከዚያ አምፖል ተስፋፍቶ ላምባን ተካ፤ ፎርድ መኪና አረከሰ፤ የተገፋው ፎቅ ተናፋቂ ሆነ። እንዲያውም አልበቃ ብሎ በ1913 ዊልያም በርተን ረጃጅሞቹን ሰንሰለቶች በሙቀትና በግፊት ሰባብሮ ቤንዚን የሚያደርግበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ።

ግን ቀጥ ያለ ሰንሰለት ሞተር ውስጥ ጠባይ የለውም። ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርሰው በራሱ እየፈነዳ ሞተሩን ያንኳኳዋል። የጄኔራል ሞተርሱ ቶማስ ሚጅሊ በ1921 መላ አገኘ፦ ቴትራኤቲል ሌድ የተባለ የእርሳስ ውህድ ጠብ ማድረግ። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ይህን ውህድ የሚያመርቱ ሠራተኞች አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ። ሚጅሊ ጋዜጠኞች ሰበሰበና እጁን በፈሳሹ ታጠበበት፤ አንድ ደቂቃ ያህልም አሸተተው። የደፈረው ባለማወቅ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እሱ ራሱ በእርሳስ ተመርዞ ለማገገም ፍሎሪዳ ወርዶ ነበር። ለመኪና የሚሸጥ ባለ እርሳስ ቤንዚን ከዓለም ማደያዎች ጨርሶ የጠፋው በ2021 አልጄሪያ ላይ ሲያበቃ ነው። ልክ መቶ ዓመት። እስከዚያ ድረስ ከጭስ ማውጫው የወጣው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ሲጎዳ ኖረ።

እኛም ማማ ነበረን። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ። ድፍድፍ ከውጭ የምትገዛ አገር በላኪነት መዝገብ ላይ የነዳጅ ውጤት ማስመዝገቧ እንግዳ ይመስላል፤ የማማን ጠባይ ላወቀ ግን አይደንቅም፤ ያልፈለገችውን ፎቅ ነው የሸጠችው። ማጣሪያው በ1997፣ አሰብ የኤርትራ ከሆነች በኋላ ተዘጋ። ዛሬ ቦቴው ከጂቡቲ የሚጎትተው ተጣርቶ የመጣውን ነው።

የተጣራው ሲነድም ሒሳቡ አያልቅም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን 2.3 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ለአንድ ባለ ሚኒባስ ጎረቤቴ ስነግረው መሪውን ለቆ ሊያየኝ ምንም አልቀረው።

“ትርፉ ከየት መጣ፣ ወንድሜ?”

“ከአየሩ። ኦክስጅኑን ካርቦኑ ይዞት ይወጣል።”

“በል ዝም በል፤ ለሱም ታሪፍ ያወጡበታል።”

ከፊታችን አንድ አሮጌ የጭነት መኪና የእንጦጦን ዳገት እያቃሰተ ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር። ያ ደግሞ አየር አንሶት በቅጡ ያልነደደ ካርቦን ነው፤ ባለቤቱ ከፍሎበት ሳይጠቀምበት የሚያልፍ ናፍጣ።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለች። ሌላውም አገር ወደ ባትሪ እያዘነበለ ነው። አውሮፕላን ግን በባትሪ ከቦሌ ዋሽንግተን አይደርስም፤ ኬሮሲኑን ይፈልጋል። ኬሮሲን በወረደ ቁጥር ቤንዚኑም መውረዱ አይቀርም፤ ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላ እንደገና ማንም የማይፈልገው ሊሆን ነው። ማጣሪያዎቹ ግን አሁን ወንዝ አያስፈልጋቸውም፦ ከዚያው ፎቅ የሚወርደውን ቀላል ክፍል ሰባብረው ፕላስቲክ ያደርጉታል። በክፍለ ሀገር ከተሞች መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚንና የሃይላንዱ ጠርሙስ አንድ ፎቅ ላይ የነበሩ ናቸው፤ ሻጩ ግን ጠርሙሱን ለይቶ ያስከፍላል።