ከሚላን ወደ ኦሴር

ተማሪዎች፣ በመምህርነት ሳገለግል አንድ ክፉ ልማድ ነበረብኝ። ገና በመጀመሪያው ወር ጎልቶ የታየኝን ልጅ «ይህስ ትልቅ ሰው ይሆናል» እላለሁ፤ ኋላ ውጤቱ ዝቅ ሲል «አለቀለት» ብዬ ፊቴን አዞርበታለሁ። ይህን ፍርዴን እንድመረምር ያደረገኝ ከትምህርት ቤት የራቀ ሰው፣ የቤልጅጉ የመሀል ሜዳ ተጫዋች ኤንዞ ሺፎ ነው።

ሺፎ በ1966 እ.ኤ.አ. በላ ሉቪዬር ከተማ አካባቢ ተወለደ። (ዘመኖቹን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።) አገሩ የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት በመሆኑ ብዙ ኢጣልያውያን ለሥራ ወደዚያ ፈልሰው ነበር፤ የእርሱም ወላጆች ከሲሲሊ የመጡ ናቸው። በ1984 የቤልጅግን ዜግነት አግኝቶ፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በአውሮፓ ዋንጫ ተሰለፈ። ከአንደርሌክት ክለብ ጋር በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ1986ቱ የዓለም ዋንጫ ቤልጅግ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ከወጣት ተጫዋቾች ሁሉ የላቀ ተብሎ ተመረጠ። ያን ጊዜ ስለ እርሱ የሚነገረውን ውዳሴ እስቲ ገምቱት!

በ1987 የሚላኑ ኢንተር ወሰደው። ሆኖም የተጠበቀውን ያህል አልሆነም፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ፈረንሳዩ ቦርዶ ተላከ፤ እዚያም አልቀናውም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ «አለቀለት» አልሁ፤ እንደ ልማዴ።

እርሱ ግን በ1989 ወደ ኦሴር ሄደ። ኦሴር በዚያን ጊዜ ወደ 40 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ስትሆን፣ አሠልጣኙ ጊ ሩ ወጣቶችን በትዕግሥት በማሳደግ የታወቀ ነበር። ከሚላን ለመጣ ሰው ይህ ውርደት መስሎኝ ነበር። ሺፎ ግን የቀድሞ ጨዋታውን ያገኘው እዚያ ነው።

የ1990 የዓለም ዋንጫ የተካሄደው ደግሞ ጀርባዋን በሰጠችው በኢጣልያ ነበር። ቬሮና ላይ ከኡራጓይ ጋር ሲገጥሙ ኳሷን ከሩቅ መትቶ መረብ ውስጥ ጨመራት፤ ቤልጅግም 3 ለ 1 አሸነፈች። ቀጥሎ ከእንግሊዝ ጋር ሲጋጠሙ የመታት ኳስ የግቡን ቋሚ ገጭታ ተመለሰች፤ ቡድኑም በተጨማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ በተቈጠረበት አንድ ግብ ተሸነፈ። (በስፖርት ዕድል የሚባል ነገር መኖሩን አልክድም።) በ1991 የኢጣልያው ቶሪኖ መልሶ ጠራው። በ1997 ከሞናኮ ጋር የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1998 አራተኛውን የዓለም ዋንጫ ተጫወተ።

ስለ ቬሮናው ግብ ያነበብሁት ክረምት ላይ ነበር። መስከረም ሲጠባ ያን ፊቴን ያዞርሁበትን ልጅ አስጠርቼ የዓምናውን የድርሰት ደብተሩን እንዲያመጣልኝ ጠየቅሁት። ለካስ ከጥር ወዲህ የጻፈውን አንዱንም አላረምሁለትም ኖሯል።